ለመሄድ አሥራ ስድስት፣ ለመምጣት ስድስት

ወረቀቷ አራት ቦታ ታጥፋ በእናቴ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ተገኘች። ታላቅ ወንድሜ ማቴዎስ ለትምህርት ቻይና ሲሄድ የተሰጠው የደርሶ መልስ ቲኬት ቅጂ ናት። ጥጓ ላይ በእርሳስ የጻፍኳቸው ቁጥሮች አሁንም ይነበባሉ፤ መሄጃ 16፣ መመለሻ 6።

ያኔ አምስተኛ ክፍል ነበርኩ። ታቦር ተራራ ሥር፣ ደጃችን ላይ ሰኞ ማክሰኞ ስንጫወት እማዬ ጠርታ ወረቀቷን ሰጠችኝ። ሐይቅ ዳር አንድ ምግብ ቤት ዓሣ ስታጸዳ ስለምትውል እጇ ሁልጊዜ ዓሣ ዓሣ ይሸት ነበር። ልጄ እንግሊዝኛ ታነባለች እያለች ለጎረቤት ሁሉ ስላወራች፣ አላውቅም ማለት አይታሰብም።

«ስንት ሰዓት አየር ላይ ይቆያል? በጸሎት ልጠብቀው» አለችኝ።

መድረሻው ላይ ከተጻፈው ሰዓት መነሻውን ቀነስኩ። ከአዲስ አበባ ጓንዡ አሥራ ስድስት ሰዓት፣ ከጓንዡ አዲስ አበባ ስድስት ሰዓት። የተጻፈው የየአገሩ ሰዓት እንደሆነ፣ የቻይናው ከእኛ በአምስት ሰዓት እንደሚቀድም ማን ነግሮኝ?

እማዬን ልዩነቱ ምንም አልገረማትም። «የታቦር ዳገትስ እንዲሁ አይደል? መውጣቱ ነው እንጂ መውረዱ ምን አለው» አለች። አሥራ ስድስቱን ሰዓት እህል ሳትቀምስ ጸለየችለት። ለካ የመጨረሻዎቹን አምስት ሰዓታት እሷ ስትጾም፣ እሱ ደርሶ ሩዙን እየበላ ነበር።

ከዚያ ትምህርቱ ሥራን አመጣ፣ ሥራው ትዳርን። በየገናው እመጣለሁ ይላል፤ ይቀራል። እኔ ስናደድ እማዬ ትስቅብኛለች። «ስድስት ሰዓት ነው እኮ፤ ሲፈልግ ብድግ ብሎ ይመጣል» ትለኛለች። ስምንተኛ ክፍል ጂኦግራፊ ስንማር ስህተቴ ገባኝ፤ መሄዱም መምጣቱም አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ልነግራት ወጥ ቤት በር ድረስ ሄጄ ተመለስኩ። አፈርኩ። ደግሞ ልጇን ያቀረበላት ያ ቁጥር ብቻ ነበር፤ ልነጥቃት አልቻልኩም።

ባለፈው ክረምት እማዬ ታማ፣ ሐኪሞቹ ወደ ቤት ውሰዷት አሉን። ማቴዎስ አንድ ቀን ንጋት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ደወለ፤ አውሮፕላኑ ውስጥ ገብቷል። ሄጄ ነገርኳት።

«ስድስት ሰዓት ነው አይደል?» አለች።

እውነቱ አፌ ላይ ነበር። «አዎ እማዬ፣ ስድስት።»

«እሱንማ እችላለሁ።»

ዓይኗን ከግድግዳው ሰዓት ሳትነቅል ቆየች። ረፋዱ አምስት ሰዓት ሲሆን «ገባ። ልጄ አገሩ ገባ፣ ተመስገን» ብላ ዓይኗን ጨፈነች። እኩለ ቀን ሳይደርስ ዐረፈች።

እንባ አልመጣልኝም። ለቀስተኛው ጠንካራ ናት አለኝ፤ ግን ድንዝዝ ብዬ ነበር፣ አሁንም እንደዚያው ነኝ። ዛሬ ከየትኛውም ከተማ ወደ የትኛውም ከተማ ስንት ሰዓት እንደሚያስኬድ ስልኬ ወዲያው ይነግረኛል፤ አይሳሳትም። አንዳንዴ ዝም ብዬ እከፍተውና አየዋለሁ።

ማቴዎስ የደረሰ ዕለት፣ ሻንጣውን እንደያዘ በስንት ሰዓት እንዳረፈች ጠየቀኝ። ነገርኩት። በጣቱ ቆጠረ።

«እኔ ገና ባሕር ላይ ነበርኩ» አለ።

ወረቀቷን እጁ ላይ አስቀመጥኩለት።

«ለእሷ ገብተህ ነበር» አልኩት።