አልደፈን ያለው ታንከር

በሥራዬ የማልታማ ሰው ነበርኩ። ጅቡቲ ካርቲየ አንድ በሚባለው ሰፈራችን የተሰነጠቀ ጀሪካን፣ እግሩ የተሰበረ የፕላስቲክ ወንበር፣ ቂጡ የተቀደደ ሳፋ ሁሉ ወደ እኔ ይመጣል። ቢላዬን ከሰል ላይ አግላለሁ፤ ከአሮጌ ጀሪካን ቁራጭ አቅልጬ እለጥፍበታለሁ፤ አለቀ። የአክስቴ ልጅ የሞተር ሳይክሉ ታንከር እንደሚያፈስና ታንከሩም ፕላስቲክ እንደሆነ ሲነግረኝ ሳቅኩበት። ፊትህ እንዲህ የጠቆረው ለዚህ ነው እንዴ አልኩት።

ጊዜው አሮጌው ባቡር ጣቢያ ጭር ካለ በኋላ ነው፤ አዲሱ ባቡር ገና ናጋድ ጣቢያ መግባት አልጀመረም። የአክስቴ ልጅ በዕድሜ ትንሽ ይበልጠኛል። የአንድ ፈረንሳዊ ቤት ዘበኛ ነበር፤ ሰውየው ጠቅልሎ አገሩ ሲገባ በረሃ ለበረሃ ይጋልበው የነበረውን ሞተር ትቶለት ሄደ። ታንከሩ ከሥሩ ተሰንጥቆ ቤንዚን ያንጠባጥባል። አንድ የሰፈር ሰው፣ ማፍሰሱን ካቆመ ሊገዛው ተስማምቷል። የአክስቴ ልጅ በሽያጩ ገንዘብ ባሕሩን ወደ የመን፣ ከዚያም ወደ ሳውዲ ይሻገራል። አክስቴ ስለት ተስላ፣ ሽማግሌ አስመርቃ ከአገር ቤት የሸኘችው ለዚሁ ነው። አብረን በአንዲት ክፍል ብንኖርም ለእሱ ጅቡቲ መንገድ ነበረች።

እኔ ልቤ አልወደደውም። እዚያ ባሕር ውስጥ ስለቀሩ ልጆች ስንቱን ሰምተናል። ግን በሰው ዕድል ፊት እንዴት ይቆማል? ነገ አንተ ባትከለክለኝ የት በደረስኩ ቢለኝስ? ሆድ ይፍጀው ብዬ ከሰሌን አቀጣጠልኩ።

በቤንዚን አይቀለድም። ታንከሩን ፈትቼ በዱቄት ሳሙና ደጋግሜ አጠብኩት፤ ሽታው እስኪጠፋ ፀሐይ ላይ አቆየሁት። ከዚያ ደፈንኩትና ውሃ ሞልቼ አየሁት፤ ጠብ የሚል ነገር የለም። ክፍላችን ውስጥ የሚያድረው ሞተር ላይ መልሰን ገጥመን ቤንዚን ጨመርንበት። በማግስቱ ከሥራ ስመለስ ክፍላችን ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል።

ግራ ገባኝ። ሙቀቱ ነው ብዬ አወፍሬ ደፈንኩት፤ አፈሰሰ። ፕላስቲኩ አልገጠመም ይሆናል ብዬ ሌላ ጀሪካን ቆረጥኩ፤ አፈሰሰ። ጎረቤታችን ያለ ሶማሌ መካኒክ ደረቅ ሳሙና እሸበት አለኝ። እኔን የመሰለ ሠራተኛ በሳሙና! እየተናደድኩም ቢሆን አሸሁበት፤ ያም አልያዘም። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆነብኝ። በመጨረሻ እጄን ራሱን ጠረጠርኩና የጠገንኩላቸው ሴቶች ቤት እየዞርኩ ጀሪካናችሁ ያፈሳል ወይ እያልኩ መጠየቅ ጀመርኩ። ዋርያ፣ አንተ ሰውዬ፣ ምን ነካህ እያሉ ሳቁብኝ። ያንዳቸውም አያፈስም።

ይበልጥ ግራ ያጋባኝ የአክስቴ ልጅ ነው። መናደድ የነበረበት እሱ ሆኖ ሳለ እኔን ያጽናናኛል። እጅህ ደህና ነው፣ ታንከሩ ነው ክፉ ይለኛል። ሻይ ሳይቀር ይገዛልኝ ጀመር።

ገዢው ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ እመጣለሁ አለ። ያን ዕለት ጠዋት እንደገና ደፍኜ፣ ውሃ ሞልቼ አስቀመጥኩትና ከሰል ልገዛ ወጣሁ። ስመለስ ከሥሩ እንደ ክር የቀጠነ ውሃ ይወርዳል። ውሃውን ደፍቼ ወደ በሩ ብርሃን አወጣሁት። ስንጥቅ አይደለም። ክብ ቀዳዳ ናት፤ ጠርዟ ወደ ውስጥ ታጥፏል። ሙቀት ፕላስቲክ ይሰነጥቃል እንጂ በምስማር አይወጋም። ይቺ ከውጭ የተወጋች ናት፤ የክፍሉ ቁልፍ ደግሞ ያለው እኔና እሱ እጅ ብቻ ነው። ቀና ስል የአክስቴ ልጅ የታጠፈ ሸሚዙን ዘርግቶ እንደገና ያጥፋል።

መጀመሪያ ደሜ ፈላ፤ ስሜን ነው ያጠፋው። ወዲያው ግን ገባኝ። ባሕሩን ፈርቶታል። ስለት የተሳለች እናቱን፣ የመረቁትን ሽማግሌዎች በምን አፉ ቀረሁ ይበላቸው? ታንከሩ እስካፈሰሰ ድረስ ግን መሄድ አቃተው እንጂ እምቢ አላለም። እኔም በይሉኝታ አትሂድ ማለት አቅቶኝ ሰንብቻለሁ። እኔ ስደፍን እሱ ሲበሳ፣ ሁለታችንም አንድ ነገር እየፈለግን ከረምን።

ፍሙ ላይ ትቼው የወጣሁትን የጋለ ቢላ አንስቼ ውሃ ውስጥ ነከርኩት።

«ይሄ ታንከር አይደፈንም» አልኩት። «አገር ቤት ከጠየቁህ፣ እሱ ነው መጠገን ያቃተው በላቸው።»

ሸሚዙን አስቀመጠ። «አንተን ይሰድቡሃል እኮ» አለኝ።

«ይስደቡኝ።»

ገዢው መጣ፤ የታንከሩን ሥር በጣቱ ዳብሶ፣ ከንፈሩን መጦ ሄደ። የአክስቴ ልጅ በዚያው ቀን እናቱ ጋ ደወለ። አጠገቡ ቆሜ ስሰማ፣ እንዳልኩት ሁሉንም በእኔ አሳበበ። ወሩ ሳያልቅ አገሩ ገባ።

አሁንም ለበዓል አገር ቤት አክስቴ ጋ ስሄድ ዶሮ ወጡን እያወጣች ትወቅሰኛለች። አንዲት ቀዳዳ መድፈን አቅቶህ የልጄን ዕድል ዘጋህበት ትለኛለች። ይህን የምትለኝ ልጇ አጠገቧ ተቀምጦ፣ ልጆቹ ጉልበቱ ላይ ተደርድረው ነው። እሱ አንገቱን እንደደፋ የራሱን ዕንቁላል ወደ እኔ በኩል ይገፋልኛል።