ከመንገድ ዳር የቋጠርኩት አፈር

በሬዎቼን ያስወሰደችብኝ የባሌ እህት ናት፤ ጣሊያን በገባ በሁለተኛው ዓመት፣ በኅዳር። ባሌ ጫካ ነበር። በሬዎቹን የደበቅኩበትን ገደል ለባንዶች ያሳየችው እሷ ናት። "አስፈራሩኝ" አለች። ይቅር አልኳት፤ በአፌ።

በዓመቱ ጥር ላይ፣ ባሌ በሕይወት በመኖሩ ስለቴን ላደርስ ከይጁቤ ወደ መርጡለ ማርያም ተነሳሁ። የባሌ እህት ትንሿ ልጇ በንዳድ ታማባት ስለነበር እስከ ደጅ ተከተለችኝ።

"እታለም፣ እኔ ጥያት አልሄድ። ትንሽ እምነት አምጪላት፤ ግንባሯን ልቀባት።"

"ባንዶቹን አትልኪያቸውም? ወዳጆችሽ አይደሉ?" አልኳት።

አንገቷን ደፋች።

እምነት ከቤተ ክርስቲያን የሚወሰድ የተባረከ አፈር ነው። ለእኔም ለልጅቱም የሚበቃ ዘግኜ በነጠላዬ ጫፍ ቋጠርኩ። ስመለስ ግን ሰፈራችን ደርሼ ባዶውን በረቴን አየሁ። ከመንገድ ዳር አፈር አነሳሁ፤ በሌላ ጨርቅ ቋጥሬ ያንን ሰጠኋት።

"ከማርያም ነው?"

"ከማርያም ነው።"

ቋጠሮውን ተሳልማ እጄን ሳመችው። ልጅቱ በሦስተኛው ቀን ሞተች። እውነተኛውም ላያድናት ይችል ነበር፤ ይህን እንዳላውቅ ያደረግኩት ግን እኔው ነኝ።

ከአርባዋ በኋላ ለራሴ ያስቀረሁትን እምነት ይዤ መርጡለ ማርያም ተመለስኩ። ቅጥሩ ውስጥ አልገባሁም። አፈሩን ከበሩ ሥር አፈሰስኩ፤ በሩን ተሳልሜ ወደ ቤቴ ሄድኩ።