ሆዳሟ ታናሽ እህት

ልጅ ሳለሁ፣ የማሽላ አገዳው እሳት ከስሞ ፍሙ ብቻ ሲቀር፣ ጎረቤታችን አባባ ሰይድ ኩራዟን ወደ ጉልበታቸው ያስጠጉና የኩሬውን ተረት ይጀምሩልን ነበር፤ ጭሱ ዓይናችንን እያቃጠለውም ንቅንቅ አንልም ያኔ።

«እኛ ኩሬ ውስጥ ሁለት እህትማማቾች አሉ» ይሉናል። «ታላቂቱ ጸጉረ ረጅም ናት፤ ድንጋይ ሙጭጭ አድርጋ ይዛ፣ ፀሐይ እስከ ታች ከገባላት ሌላ አትጠይቅም። ታናሺቱ ግን ሆዳም ናት። ጎርፍ ፋንድያ ሲያመጣላት፣ ውሃው ሲሞቅ፣ ነፋሱ ሲተኛ፣ ትነሳና ከላይ ትነጠፋለች። ታላቂቱ ጨለማ ውስጥ ትሞታለች፤ ውሃውም መርዝ ይሆናል።»

«ማነው የሚያበላት?» ብላቸው፣ «አንቺ ነሻ! ከብት ውሃው ውስጥ አቁመሽ የምታጠጪው!» ብለው ጆሮዬን ቆነጠጡኝ። ሰው ሁሉ ከብቱን ዳር አቁሞ፣ ገንዳ ላይ እየቀዳ የሚያጠጣው ለምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ።

አሁን ልጆቻችን ድንጋይ ይዞ የሚበቅለውንም ውሃ ላይ የሚነጠፈውንም አረንጓዴ አልጌ ይሉታል። ዘንድሮ ክረምቱ ወጥቶ ሙቀቱ ሲመለስ ኩሬያችን አረንጓዴ ቀለም የተደፋበት መሰለ፤ የጎረቤቴ የዘይነባ ጥጃም ከዚያው ጠጥታ ወድቃ ቀረች። ሰፈሩ «ዓይን በላት» አለ። የምን ዓይን! የኔ ዓይን ያየውን እኔ አውቃለሁ። ዘይነባ ማሽላ ልትከትበት የማዳበሪያ ጆንያ እዚያው ኩሬ ውስጥ ስታጥብ በአጥሬ ቀዳዳ አይቻታለሁ። እሷ ብቻም አይደለች፣ ግማሹ ሰፈር ነው።

ሄድኩባት።

«ዘይኑ፣ ጆንያሽን ከኩሬው አርቂው። በባልዲ ቅጂና ማሳሽ ላይ እጠቢው።»

«አንቺ ደግሞ የሰው ጆንያ መቁጠር ጀመርሽ?»

«እቆጥራለሁ! ላምሽ ነገ ከየት ልትጠጣ ነው?»

ወደ ላሟ ዞር ብላ አየች። የቀረቻት ያቺው አንድ ላም ናት።

«ወላሂ፣ ማዳበሪያ የሚያጠግበው አዝመራ ብቻ ይመስለኝ ነበር» አለች ቀስ ብላ።

«ሆዳሟንም ያጠግባል» አልኳትና የአባባ ሰይድን ተረት ነገርኳት።

በማግስቱ ሁለታችን እሾህ ቆርጠን ዳሩን ማጠር ጀመርን፤ ሲስቁብን የነበሩት ሴቶችም እየተንጠባጠቡ መጡ። ለገንዳው ብቻ በር ተውን። ኩሬው እስኪጠራ ላሟን ከቦኖ የምቀዳውን አካፍላታለሁ።

ውሃው ገና አልጠራም። የአባባ ሰይድ መልክ እየደበዘዘብኝ ነው፤ የቆነጠጡት ጆሮዬ ግን እስከ ዛሬ ይግላል። ሰፈሩ ወሬኛ ይለኛል፤ ይበል። ታላቂቱ ጸጉሯን ድንጋዩ ላይ ዘርግታ እስካያት ድረስ ከአጥሬ ቀዳዳ አልነሳም።