ለፊቴ ብዬ የዋጥኩት ፀረ ዝገት

የባሌ እህት አፏ መርዝ ነው። በኬንያው ሞያሌ፣ ሽርጥና ሻሽ በምሸጥባት ሱቄ በር ላይ ቁጭ ብላ፣ የገዛ ሻዬን እየጠጣች፣ «ወንድሜ ኢሲዮሎ አንዲት ልጅ ይዟል አሉ። የኛው አገር ልጅ ናት፣ ሆቴል ነው የምትሠራው» አለችኝ። ቀና ብላ ፊቴን አየችና «አይፈረድበትም» ብላ ጨመረችበት።

ባሌ በኢሲዮሎ በኩል ናይሮቢ የሚመላለስ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። ያቺን ልጅ ሁለተኛ ሚስት አድርጎ ያመጣብኛል ወይስ አያመጣብኝም፣ ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም። ሃይማኖታችን ይፈቅድለታል፤ የኔን ሆድ ግን ማን ይጠይቃል። አርባ ዓመት እንኳ በቅጡ አልሞላኝም። የሞያሌ ፀሐይና አቧራ ግን ዕድሜ አይጠይቅም፤ ዓይኔ ሥር ተጨማዶ፣ ግንባሬም ተሸብሽቦ ነበር።

ሞባይል ስልክ ሞያሌ ገና የገባ ሰሞን ነው፣ ከረባት ያሰረ እንክብል ሻጭ ከናይሮቢ የመጣው። ገበያ መሀል ቆሞ ድንች ለሁለት ቆረጠ። አንዱን ግማሽ ሎሚ ቀባው፣ ሌላውን ተወው። ቆመን ስንጠብቅ ያልተቀባው ጠቆረ፣ የተቀባው ነጭ እንደሆነ ቀረ። የገዛ ጉንጩን እየነካካ በስዋሂሊ «የሰው ቆዳም የሚያረጀው እንዲሁ ነው» አለና የእንክብሉን ጠርሙስ ከፍ አድርጎ «ኢናዙያ ኩቱ» አለ።

የኔ ስዋሂሊ የገበያ ነው፤ ዋጋ ከመከራከር አያልፍም። እኛ ቤት የሚነገረው ኦሮምኛና አማርኛ ነው፣ በኦሮምኛ ደግሞ «ኩቱ» መቁረጥ ማለት ነው። በቃ፣ ሽብሽብ የሚቆርጥ መድኃኒት ነው ብዬ ገዛሁ። የባሌ እህት ስዋሂሊውን እንደ ውሃ ታንቆረቁረዋለች። አጠገቤ ቆማ እየሰማች ዝም አለችኝ።

ጧት ማታ እውጣለሁ፣ መስታወት አያለሁ። ሽብሽቡ ወይ ፍንክች። ሆዴን ብቻ አቃጠለኝ። ክሊኒክ ሄጄ ነርሷን ብጠይቃት፣ «እህቴ፣ እንክብል የተጨማደደ ቆዳ መልሶ አያቃናም። አትክልት ብዪ፣ ከፀሐይ ተከለዪ» አለችኝ። ሞያሌ ላይ ሆና ከፀሐይ ተከለዪ ትለኛለች። በጥፊ ባላት ደስ ባለኝ። እቤት ገብቼ እንደገና ዋጥኩ።

ባሌ መጣ። ብቻውን ነበር፣ ደስ አለኝ። ከእህቱ ጋር ሦስታችን እራት ስንበላ ጠርሙሱን መስኮቱ ላይ አየና «ይሄ ደሞ ምንድነው?» አለ። «ሽብሽብ የሚቆርጥ ነው» አልኩት በኩራት። ይኼኔ እህቱ ሳቋን ለቀቀችው።

«ሰውየው ያለው የስዋሂሊውን ኩቱ ነው እኮ። ዝገት ይከላከላል ነው ያለው። እሷ ይቆርጣል መስሏት ስትውጥ ከረመች!»

ባሌ እስኪያስለው ሳቀ። ከዚያ እንባውን ጠረገና «አንቺ፣ አንዴ የዛገ ቦዲ እኮ አይታከምም፣ ይቀየራል» አለኝ። ሾፌር አይደል፣ በሾፌር አፉ ገደለኝ። ሳህኑን አንስቼ ጓዳ ገባሁና አለቀስኩ፤ ምን እደብቃለሁ።

በሚቀጥለው ጉዞው ልጅቷን ይዟት መጣ። በጠራራ ፀሐይ እጅ ለእጅ ተያይዘው በሬ ላይ ቆሙ። ቆንጆ ናት፣ አልዋሽም። ጎንበስ ብላ እጄን ሳመችና «እንዴት ዋሉ፣ እማማ» አለችኝ። የባሌ እናት መስያት ነው። እሱ ሰምቷል። አላረማትም። አቀርቅሮ ጫማውን ያያል።

ሚስቱ ነኝ ልላት አፌን ከፈትኩ። የወጣው ግን ሌላ ነው። «ግቢ ልጄ፣ ቤትሽ ነው» አልኳት። ከዚያ ወደሱ ዞርኩ። ከተጋባን ጀምሮ «አንተ» ስለው የኖርኩትን፣ በዕድሜም ብዙ የሚበልጠኝን ሰውዬ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ «እርስዎም ይግቡ አባባ፣ መንገዱ አድክሞዎታል» አልኩት።

ልጅቷ ዞር ብላ ፊቱን አየችው። የመኪና መስኮት ፀሐይ አንድ ጎኑን የጠበሰው፣ ዓይኑ ሥር የተንጠለጠለ፣ አገጩ ላይ ሽበት ያጎፈረ ሽማግሌ ነው። ቆማ አየችው፣ አየችው። ከዚያ እጇን ከእጁ አወጣች።