የተራራው ልዩነት

በተራሮች መሃል የገባውን ጠባብ የባሕር ወሽመጥ፣ ፊዮርዱን፣ በሚያቋርጠው ጀልባ ላይ ጠዋት ጠዋት ከፊቴ የምትቀመጥ አንዲት ሴት አለች። የሹራቧ እጅጌ ተተልትሏል፤ እግሯ አርፎ አያውቅም። ላፕቶፗ ላይ፣ ከአባቷ ቤት በላይ ባለው ተራራ ስንጥቅ ላይ የተተከለው መለኪያ የስንጥቁን ስፋት እየለካ በየሰዓቱ የሚልከው ቁጥር ተደርድሯል። ኤስኪውኤል በሚባለው የመረጃ መጠየቂያ የኮምፒውተር ቋንቋ በጻፈችው አጭር ትእዛዝ እያንዳንዱን ረድፍ ከበላዩ ካለው ጋር ታስተያያለች።

«ቁጥሩ ብቻውን ምንም አይነግርህም፤ ወሬው ያለው ልዩነቱ ላይ ነው» ብላኛለች አንድ ቀን።

ትናንት ልዩነቱ በሰዓት ሁለት ሚሊሜትር ነበር። ዛሬ ግን ዘጠኝ፣ አሥራ አራት፣ ሃያ ሁለት እያለ ወጣ። ተራራውን ለሚከታተለው መሥሪያ ቤቷ አስታወቀችና ወዲያው ለአባቷ ደወለች።

«አባዬ፣ አሁኑኑ ከቤት ውጣ!»

«ይሄ ተራራ ሊናድ ነው ሲባል ነው ያረጀሁት።»

«በእናቴ ይዤሃለሁ! ላሞቹን ፍታና ውጣ።»

 ብዙም ሳይቆይ የበረቱ በር ሲጢጥ ሲልና የላሞቹ ቃጭሎች ሲንጫጩ በስልኩ ተሰማ። እሷም ስልኩን ሳትዘጋ ቀጣዩን ረድፍ መጠበቅ ጀመረች።