የዶሮዋ ቢስሚላህ

እኔና ባለቤቴ ሃይማኖት ደጃችን እንዳይደርስ ተማምለን ነው የተጋባነው። እኔ የሙስሊም ልጅ፣ እሷ የክርስቲያን ልጅ፤ ሁለታችንም አስተማሪዎች፤ ሁለታችንም ጸሎቱን በተማሪነታችን እርግፍ አድርገን የተውን። ሐይቅ ከተማ ውስጥ የእስላሙም የክርስቲያኑም ሥጋ ያለ ጥያቄ የሚበላበት ቤት ቢኖር የእኛ ነበር። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል፤ ለውጥ መጣ ተብሎ አገር ሲደሰት፣ አንዲት ልጃችን በዐሥራ አራት ዓመቷ ሒጃብ አድርጋ ከትምህርት ቤት መጣች።

ያልፍላታል ብዬ ነበር። ምን ያልፍላታል! ሱብሂ ትሰግዳለች፣ ድስቷን ለይታ ታበስላለች። ሥጋ ሲያምራት ዶሮዋን ታቅፋ ጎረቤታችን ዘንድ ትሄዳለች፤ ሽማግሌው ቢስሚላህ ብለው ያርዱላታል። እኔ አባቷ እቤት ተጎልቼ! አንጀቴን ያበግነው ነበር።

ጦርነቱ ሐይቅ ሲደርስ ጎረቤቱ ሁሉ ወደ ደሴ ሸሸ። ልጃችን ታይፎይድ ጥሏት ስለነበር እኛ ቀረን። መብራት ጠፋ፣ ገበያው ተዘጋ፣ መድኃኒቱ አለቀ። ትኩሳቱ ሲለቃት አጥንቷ ብቻ ቀርቶ ነበር፤ እህል አልወርድላት አለ። እናቷ የዶሮ ሾርባ ካልቀመሰች አትተርፍም አለች። ዶሮ አንዲት አለችን። የሚያርድ ግን የለም፤ በእኛ አገር ሴት አታርድም፣ ያለሁት ወንድ እኔ ነኝ።

ቢላዋ ይዤ ጓሮ ወጣሁ። ከመኝታዋ እንድትሰማኝ ጮክ ብዬ «ቢስሚላህ፣ አላሁ አክበር» አልኩ። ከአባቴ ቤት ከወጣሁ ወዲህ ብዬው አላውቅም፤ ምላሴ ግን አልረሳውም።

ሾርባውን ራሴ ይዤላት ገባሁ። ቀና ብላ አየችኝ።

«አባዬ፣ አምነህበት ነው ያልከው?»

አዎ ብል ምን ነበረበት? ያንን የከሳ ፊት እያየሁ መዋሸት አቃተኝ። ለአንቺ ብዬ ነው አልኳት።

«ለእኔ ከሆነማ አይሆንም፣ አባዬ። ለአላህ ነበር መባል ያለበት።»

እናቷ እግሯ ላይ ወድቃ ለመነቻት፤ ለችግር ጊዜ ይፈቀድ የለም ወይ አለቻት። ሽሮ እያለ ችግር አይባልም ብላ መለሰች። ያችኑ ሽሮ እንኳ መዋጥ አቅቷታል እኮ።

ከዚያ መዳፎቿን ዘርግታ ዱዓ ጀመረች። ለራሷ መስሎኝ ነበር፤ ለካስ ለእኔ ነው፤ አላህ የአባቴን ልብ ያብራለት ትላለች። ወሎ ውስጥ ዱዓ ሲደረግ አሚን የማይል ሰው የለም፤ እናቷ እንኳ እያለቀሰች አሚን አለች። እኔ ግን አምነህበት ነው ወይ ብላ ደግማ እንዳትጠይቀኝ ፈርቼ፣ ሾርባው እጄ ላይ እየቀዘቀዘ አሚን ሳልል ቀረሁ።