በስሜ አልቅሺልኝ

እኔ ሰው አላምንም። ይኼን ቀድሜ ልናገርና ይውጣልኝ። ሥራዬም ነው እንዲህ ያደረገኝ። ሠላሳ አምስት ዓመት ከይርጋነሽ ጋር ለቅሶ ለቅሶ ዞሬያለሁ፤ እሷ ሙሾ አውራጅ፣ እኔ ተቀባይዋ። ተቀባይ ብቻ አይደለሁም፣ ወሬ ለቃሚዋም እኔው ነኝ። ሞጣ ዙሪያ ሰው ሞተ ሲባል ቀድሜ የምደርስ እኔ ነኝ። ሟቹ ወንድ ከሆነ ጣጣ የለውም፤ ዘመዶቹ ጠመንጃውን፣ በሬዎቹን፣ በክርክር ማንን እንደረታ ሳይጠየቁ ይዘረግፉታል። ሴት ስትሆን ግን "ደግ ነበረች" ይሉና ዝም። ደግነቱስ ይሁን፣ ከዚያ ሌላ ምንም አልነበራትም? ጓሮ ለጓሮ እዞራለሁ። ከማን እንደተኳረፈች፣ በምን እንደምትስቅ፣ ማንን ልታገባ ፈልጋ ማንን እንዳገባች ለቃቅሜ ለይርጋነሽ ሹክ እላታለሁ። እሷ ያንን ይዛ መሀል ስትቆም ድንጋይ ታስለቅስ ነበር።

እንግዲህ አምና በኅዳር አንዲት ልጅ ስልኳን ይዛ ይርጋነሽ በር ላይ ስትቆም ምን እንዳልኩ ገምቱ። "ማርያማዊት እባላለሁ፤ የሴቶችን ሙሾ ላጠና ከዩኒቨርሲቲ ነው የመጣሁት" አለች። ጥናት የሚሉት ነገር ሲነሣ ቆሽቴ ያራል። መምህር ዘመነ የሚባል ሰውዬ ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት እንዲሁ መጥቶ፣ "እትዬ፣ እትዬ" እያለ ይርጋነሽን አፏን ሲያስከፍታት ሰነበተ። መጽሐፉ ሲወጣ ገዛሁት። መሠረተ ትምህርት ፊደል አስቆጥሮኛል፣ አልታለልም። ሽፋኑ ላይ ዘመነ፤ ውስጡ ምስጋና ለሚስቱ፣ ምስጋና ለአለቃው። ይርጋነሽ በወሊድ ለሞተችው ለጎረቤታችን ልጅ ያወረደችው ሙሾም አለበት፤

ሰፌዱ ተሰቅሎ እንዝርቱ ተኝቶ፣
ቤቱ ይጠራሻል ስምሽን ዘንግቶ።

ግርጌው ላይ ምን ቢል ጥሩ ነው? "የሕዝብ ቃል ግጥም።" ሕዝብ! ያን ለት ከጎኗ የቆምኩት እኔ ነኝ፤ ሕዝብ የሚባል ሰው ሙሾ ሲያወርድ አላየሁም።

ደግሞ ዘመኑን ታውቁታላችሁ። መንገዱ ዛሬ ተከፈተ፣ ነገ ተዘጋ በሚባልበት አገር፣ ድምፅ የሚቀዳ እንግዳ ለማን እንደሚቀዳ ማን ያውቃል? መታወቂያሽን አምጪ አልኳት። ሰጠችኝ። ገልብጬም አየሁት። ፎቶውና ፊቷ አንድ ነው፤ እሱም አላሳመነኝም።

ይርጋነሽ ያኔ ጉልበቷ ከድቷት ደጅ ፀሐይ ላይ ነበር የምትውል። "ምን ያደርግልሻል ልጄ፣ የአሮጊት ለቅሶ?" አለቻት።

"እማማ፣ አሜሪካ ውስጥ አያቶቻቸው ባሮች የነበሩ ጥቁር ሴቶች አሉ። የተማሩት የልጅ ልጆች ተነሥተው፣ 'አያቶቻችን የሰው ልብስ እያጠቡ፣ የሰው እርሻ እየቆፈሩ ያንጎራጎሩት ዕውቀት ነው፤ መጽሐፍ ስላልጻፉ አላሰቡም አይባልም' አሉ። እኔም እርስዎ ያወረዱትን እንደዚያ ልጽፈው ነው።"

"እኛ ጠይም ነን" ብዬ አቋረጥኳት። ልጅቱ ሳቀች። ይርጋነሽ አልሳቀችም።

"የሴቶቹን ስም ጽፈውታል?" አለቻት።

"የቻሉትን ጽፈዋል። የብዙዎቹ ግን አይገኝም። የቀረው ጌቶቻቸው ያወጡላቸው ስም ነው።"

ይርጋነሽ፣ "አማት ነበራቸዋ!" አለች።

ልጅቱ አልገባትም። ከተሜ ናት፣ ከየት ይግባት? በኛ አገር ሙሽራ ስትገባ አማቷ ስም ታወጣላታለች። ከዚያች ቀን ወዲያ እናት ቤት የነበራት ስም አይነሣም፤ ባሏም ልጆቿም በአማቷ ስም ነው የሚያውቋት።

"ይርጋነሽ ያለችኝ አማቴ ናት" አለች። "'ይቺ ልጅ ትዘላለች፣ ቤቴ ትርጋ' ብላ ነው። አሥራ አራት ዓመቴ ነበር እኮ! ብዘልስ ምን ይገርማል?"

ልጅቱ ስልኳን አስቀመጠችና፣ "እናትዎስ ማን ይሉዎት ነበር?" አለቻት።

"ብሩክታይት" አለች ይርጋነሽ። እንግዳ ሆነባት መሰል ደገመችው። "ብሩክታይት አካለ ወልድ። የቢቸና ልጅ ነኝ።"

እኔ ደንግጬ ቀረሁ። የስንቷን ሟች ጓዳ ስፈለፍል ኖሬ፣ አብራኝ የበላችውን የጠጣችውን፣ የዚችን ስም አንድ ቀን አልጠየቅኋትም። ለካ ሠላሳ አምስት ዓመት ሙሉ የማላውቃትን ሴት ነው ስከተል የኖርኩት። ኀፍረቴ ተገልብጦ ንዴት ሆነብኝና ልጅቱ ላይ ጮህኩ። "አሁን ይኼንንም ልትወስጂባት ነው?"

"ተያት" አለችኝ ይርጋነሽ። ያን ለት እስኪመሽ የምታውቀውን ሁሉ አወረደችላት። ልጅቱ ልትሄድ ስትል "የእርስዎስ ስም?" ብላ እኔን ጠየቀችኝ። "ምስራቅ" አልኳትና ፊቴን አዞርኩ።

ልጅቱ እንደወጣች ይርጋነሽ ነጠላዬን ያዘች። "ስሞት በስሜ አልቅሺልኝ። ቄሱ በክርስትና ስሜ ይፍቱኝ፣ እሱ የእግዜር ነው። ለቅሶው ላይ ግን እናቴ ባወጣችልኝ።"

"አበድሽ? ልጆችሽ አያታችን ያወጣችውን ስም ጣለች ብለው በዱላ ያባርሩኛል!"

"ማይልኝ።"

አልማልኩላትም። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ፈራሁ። እኔ ልጅ የሌለኝ መበለት ነኝ። ውኃ የምቀዳው ከልጆቿ ጓሮ ነው፤ ክረምት ሲገባ ጣራዬን የሚያለብሱልኝም እነሱ ናቸው። እሷ ግን እንዳልሰማች ሆና ለራሷ ለቅሶ ያወጣችውን ሙሾ ታስጠናኝ ጀመር። እኔም እያጉረመረምኩ ያዝኩት።

ወራት አለፉ፣ ከልጅቱ ወሬ የለም። መንገዱም ተዘጋ፣ ኔትወርኩም ጠፋ። "አላልኩሽም? ያው ዘመነ ቀሚስ ለብሶ ነው የመጣው" እላታለሁ። ይርጋነሽ ሙሾውን ድገሚው ትለኛለች። ከፋሲካ በኋላ አንድ የሚኒባስ ሾፌር ከቢቸና ልጅቱ የላከችውን ፖስታ ይዞልን መጣ። ወፍራም ጥራዝ ነው። ሌባ እንደሚፈትሽ ሰው ከሽፋኑ ጀመርኩ። ከእያንዳንዱ ሙሾ ሥር "ብሩክታይት አካለ ወልድ" ይላል። ሰፌዱ ከተሰቀለበትም ሥር። መጀመሪያው ገጽ ላይ ደግሞ፣ "ቢቸና ተወልዳ ሞጣ የኖረች ሙሾ አውራጅ።" ወደ ታች ወረድ ሲል እኔም አለሁ፤ "ተቀባይዋና የሟቾችን ታሪክ የምታሰባስብላት ምስራቅ።" የልጅቱ ጥፋት አይደለም። ስትጠይቀኝ ምን ልታደርገው ነው ብዬ አማቴ ያወጣችልኝን ነው የነገርኳት። አሁን ተጽፎ ቀረ።

"ጣቴን አሳርፊልኝ" አለችኝ ይርጋነሽ። ማንበብ አትችልም። ጣቷን ይዤ ስሟ ላይ አሳረፍኩላት። በጣቷ ደጋግማ ዳበሰችው። እኔ አለቀስኩ፣ እሷ አላለቀሰችም።

በሦስተኛው ሳምንት ሞተች።

ለቅሶው ትልቅ ነበር። ከግንደወይን ሳይቀር ሰው መጣ። አስከሬኗ ወጥቶ፣ ሕዝቡ ክብ ሠርቶ፣ ሁሉም እኔን ያየኛል፤ ከእሷ ሌላ ሙሾ የሚያወርድ የቀረሁት እኔ ነኛ። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ይርጋነሽ ብዬ ልገላገል ቆርጬ ነበር። የበኩር ልጇን ሀብተ ሥላሴን አየሁት። ሃምሳ ዓመት ያለፈው ሰውዬ፣ "ይርጋነሽ እናቴ፣ ይርጋነሽ" እያለ ደረቱን ይደቃል። እኔም እኮ ሠላሳ አምስት ዓመት እንዲሁ ነበር የጠራኋት። አፌን ስከፍት የወጣው ያስጠናችኝ ነው፤

ይርጋነሽ አትበሉኝ፣ ይርጋነሽ አልሞተች፣
ከቢቸና መጥታ ብሩክታይት ሄደች።

የሚቀበለኝ ጠፋ። ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። ሀብተ ሥላሴ ከእናቱ አስከሬን ራስጌ እንደቆመ ለቅሶውን አቋረጠና፣ "ብሩክታይት ደግሞ ማናት?" አለኝ።